ስለ ሮማኒያውያን ሆድና ስለ ጀርመኖች ኪስ የጻፋችሁትን በተመለከተ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን የማነበው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ እዚህ ከተማ ስገባ የ27 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ዘንድሮ 58 ሞላኝ። እስከ ዛሬ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ባለፈው ወር የአውሮፓ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን በምን በምን እንደሚያወጡ በሰንጠረዥ አስደግፋችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ ግን ቡናዬን አስገነፈለብኝ። ለአባባል አይደለም፤ እውነትም ገንፍሎ ምድጃውን አበላሽቶታል።

ከቁጥሮቹ ጋር ጠብ የለኝም። ከአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ ከዩሮስታት፣ የተወሰዱ ናቸው። ጠቤ ከቁጥሮቹ አጠገብ ከተጻፈው ጋር ነው። ጸሐፊያችሁ ሮማኒያውያን ከሚያወጡት 100 ዩሮ ውስጥ ሩቡ ያህል ለምግብ እንደሚሄድ ባዩ ጊዜ «ሆዳቸውን የሚወዱ» አሏቸው። ጀርመኖች በ12 ዩሮ ገደማ ስለሚወጡት «ከጉሮሯቸው የሚቆጥቡ» ሆኑ። ስፔኖችና ግሪኮች በሆቴልና በምግብ ቤት ረድፍ ከፍ ስላሉ «ቤታቸው እሳት የማይነድ» ተባሉ። ሉክሰምበርጎች ደግሞ በመጠጥና በትምባሆ ረድፍ ስለተገኙ «ሀብት ያባለጋቸው»። ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ መጨረሻ ላይ የእኛም አገር ሰው እንደ ጀርመኖቹ ለምግብ የሚያወጣውን ቀንሶ መቆጠብን ቢማር ብለው መከሩ። እዚህ ላይ ነው ጀበናው የገነፈለው።

አባቴ ደሴ ውስጥ ሱቅ ነበረው። የዱቤ መዝገቡን ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። አንዲት የሰፈራችን ሴት ወር ሙሉ ግማሽ ሊትር ዘይት ብቻ እንደወሰደች መዝገቡ ላይ አይቼ «አባዬ፣ እትዬ እንትና እንዴት ያለች ቆንቋና ናት!» አልኩት። አባቴ ሚዛኑን እየወለወለ «ወንድሟ ከገጠር ቅቤ ይልክላታል። መዝገቡ የሚያውቀው በእኛ በር የወጣውን ብቻ ነው» አለኝ። በሱቁ ውስጥ ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ ይህ አልጠፋኝም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እኔ ራሴ በእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ። የጀርመን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች በየአምስት ዓመቱ የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት ያካሂዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቃደኛ ሆኜ ለሦስት ወር እያንዳንዷን ወጪ መዘገብኩ። ከዚያ ውስጥ አንዱን ወር ደግሞ የገዛሁትን ምግብና መጠጥ ሁሉ ከነክብደቱ እንድጽፍ ደረሰኝ። የአባቴ ልጅ ነኝና ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። የሱቅ ደረሰኞቹን በልብስ መቆንጠጫ እየያዝኩ ማታ ማታ ከራት በኋላ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ እቀመጥ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ተጨነቅሁ። የጤፍ ዱቄት የት ይገባል? ከ«ሌላ ዱቄት» ውስጥ ጨመርኩት። እንጀራስ? እኔው ስለምጋግረው ዳቦ ከሚለው ረድፍ አይገባም፤ ስለዚህ በዚያ ወር ዳቦ የበላሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ። ከሁሉ የባሰው በርበሬ ነው። በርበሬዬን የምትልክልኝ ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት፤ ቀጥቅጣ፣ ቀምማ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ በሚመጣ ሰው ሻንጣ። ዋጋ የለውም፤ ደረሰኝም የለውም። ስለዚህ በጀርመን መንግሥት መዝገብ ላይ ለአንድ ግራም በርበሬ እንኳ ሳንቲም ያላወጣሁ ሴት ሆኜ አለፍኩ። በጸሐፊያችሁ አነባብ እኔ አልጫ የምወድ ሰው ነኝ።

ዕቁቡስ? ከዘጠኝ ሴቶች ጋር በወር 200 ዩሮ እንጥላለን። ስጥል ወጪ መሰለኝ፤ ሲደርሰኝ ደግሞ ገቢ ሊመስል ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ቁጠባ ነው ብዬ አሳለፍኩት፤ ትክክልም ይመስለኛል። በየወሩ ወደ ደሴ የምልከው 150 ዩሮ ደግሞ አለ። ይህ ገንዘብ ከቤቴ ይወጣል፤ ከኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪዬ እሱ ነው። ለሌላ ቤተሰብ የሚሰጥ ገንዘብ ግን እንደ ፍጆታ አይቆጠርም፤ ስለዚህ እናንተ ባወጣችሁት ዓይነት ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም። ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም፣ ሮም፣ ለንደን ያሉ ስንት የእኛ ሰዎች በየወሩ መጀመሪያ ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት እሱን ነው። በሰንጠረዡ ስንታይ ግን ገንዘባችን የት እንደገባ የማይታወቅ ሰዎች ነን።

አሁን ስለ ሮማኒያውያኑ። በሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ አብራኝ የምትሠራ የሮማኒያ ተወላጅ አለች። አሥራ አንድ ዓመት አንድ መክተፊያ ላይ ሽንኩርት ስንከትፍ ኖረናል። ገጠር ከወላጆቿ የወረሰችው ቤት አላት። ይህ እዚያ ብርቅ አይደለም፤ ሮማኒያ ውስጥ ከ100 ሰው ከ90 በላይ የሚሆነው የሚኖረው በራሱ ቤት ነው። ጀርመን ውስጥ ግን ከግማሽ የሚያንሰው ነው በራሱ ቤት የሚኖረው፤ ከኅብረቱ አገሮች መጨረሻው እሱ ነው። በገና ሰሞን ቤተሰቦቿ አሳማ ያርዳሉ፤ በበጋ ቃሪያውን፣ ደበርጃኑንና ቲማቲሙን አቃጥለውና ቀቅለው «ዛኩስካ» የሚሉትን እንደ ድልህ ያለ ነገር በጠርሙስ ያሽጋሉ። በየመስከረሙ ሦስት ጠርሙስ ታመጣልኛለች፤ እኔ ጠርሙሱን አዋዜ ሞልቼ እመልስላታለሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ስታቲስቲክሱ ሲሠራ ከጓሮ ተለቅሞ የተበላው ቲማቲምና ታርዶ የተበላው አሳማ እንኳ በገንዘብ ተተምኖ የቤተሰቡ የምግብ ወጪ ውስጥ ይገባል። ማንም ኪሱ ውስጥ እጁን አላስገባም፤ ግን ወጪ ተብሎ ተቆጠረ። ቤቱም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ለራሱ ኪራይ እንደሚከፍል ተደርጎ ይገመትና በመኖሪያ ቤት ረድፍ ይጻፋል። ይህን የሚያደርጉት ለተንኮል አይደለም፤ ተከራይ የበዛበትን አገርና ባለቤት የበዛበትን አገር ለማስተያየት ሌላ መንገድ ስላላገኙ ነው። ነገር ግን ያ ረድፍ የሰውን ልማድ ያሳያል ብሎ የሚያነብ ሰው፣ ማንም ያልከፈለውን ገንዘብ እየቆጠረ ስለ ከፋዩ ጠባይ ይፈርዳል።

ሮማኒያውያን ለምግብ ሩቡን የሚያወጡበት የቀረው ምክንያት ደግሞ ከ160 ዓመት በላይ የታወቀ ነው። ኤርንስት ኤንግል የሚባል የሳክሶኒ የስታቲስቲክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጅግ ሠራተኛ ቤተሰቦችን የወጪ መዝገብ አገላብጦ አንድ ነገር አገኘ። ቤተሰቡ ድሃ በሆነ መጠን ከወጪው ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይሰፋል፤ ገቢው ሲያድግ ድርሻው ይጠባል። ቡካሬስት ውስጥም እነዚያው የጀርመን ሱቆች፣ ሊድልና ካውፍላንድ፣ ናቸው የሚሸጡት። በዘይቱና በሩዙ ዋጋ ላይ ያለው ልዩነት በደመወዙ ላይ ካለው ልዩነት ጋር አይተካከልም። ከትንሽ ደመወዝ ላይ ያው ዘይት ሲገዛ ድርሻው ትልቅ ነው። ለዚህ ሆዳምነት የሚል ስም የሰጡት ጸሐፊያችሁ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጀርመኖችስ? ቆጣቢዎች አይደሉም አልልም። ከገቢያቸው አምስተኛውን የሚጠጋ ያስቀምጣሉ፤ ግሪኮች ከዕዳው ቀውስ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከገቢያቸው በላይ ሲያወጡ ኖረዋል። ቁጠባቸው ግን ከምግብ ረድፍ አይነበብም። እዚህ ምግብ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። የአልብሬኽት ወንድማማቾች አልዲ የሚባለውን የርካሽ ምግብ ሱቅ ይዘው ከተነሡ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሱቆቹ በሳንቲም ሲጋደሉ ኖረዋል፤ በምግብ ላይ ያለው ተጨማሪ እሴት ታክስም ለአብዛኛው 7 በመቶ ብቻ ነው። ዴንማርክ በወተትም በዳቦም ላይ 25 በመቶ ታስከፍላለች። አየርላንድ በሁለቱም ላይ ምንም አታስከፍልም። አንድ ዳቦ ሦስት ዋጋ።

ጀርመን ውስጥ ገንዘቡ የሚሄድበትን ከፈለጋችሁ ቤት ኪራዩን ተመልከቱ። እዚህ ኪራይ ሁለት ዓይነት ነው፤ «ቀዝቃዛ» እና «ሙቅ» ይሉታል። ቀዝቃዛው ለግድግዳና ለጣሪያው ነው። ሙቁ የማሞቂያውን፣ የውኃውን፣ የቆሻሻውን፣ የደረጃ ጽዳቱን ጨምሮ ነው። የእኔ ሁለት ክፍል ቀዝቃዛው 740፣ ሙቁ 930 ዩሮ ነው፤ ለፍራንክፈርት እግዚአብሔር ይመስገን የሚያሰኝ ዋጋ ነው፣ ምክንያቱም ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። እጄ ላይ ከሚገባው ደመወዝ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ የሂሳብ ማወራረጃ ደብዳቤ ይመጣል። ያንን ፖስታ ሳልቀመጥ አልከፍተውም። እ.ኤ.አ. የ2022ቱ ሲመጣ 412 ዩሮ ጭማሪ ነበረበት፤ ጋዝ የተወደደበት ዓመት ነው። ለቤቱ ማስያዣ እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚከራዩት ወጥ ቤት ባዶ ነው። ባዶ ስል ሳህን የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ምድጃውም፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳውም፣ ቁም ሳጥኑም የለም፤ ግድግዳው ላይ የውኃ ቧንቧ ብቻ ተቀምጧል። የቀደመው ተከራይ ነቅሎት ሄዷል፤ ወይም እንድትገዙት ይለምናችኋል። እኔ አሮጌ ወጥ ቤት በ600 ዩሮ ገዝቼ ገባሁ። በሰንጠረዡ ላይ ይህ «የቤት ዕቃ» በሚለው ረድፍ ነው የሚገባው። ጀርመኖች ቁም ሳጥን ይወዳሉ ተብሎ እስካሁን ስላልተጻፈ አመሰግናለሁ።

ስለ ስፔንና ግሪክ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው በአገሩ ምድር ላይ የወጣውን ገንዘብ ነው፤ አውጪው የዚያ አገር ነዋሪ ይሁን እንግዳ አይለይም። ከእኔ በላይ የሚኖሩት ባልና ሚስት በየነሐሴው ማዮርካ ደሴት ሄደው ሁለት ሳምንት ይከርማሉ። ለሆቴላቸው፣ ለቢራቸውና ለጥብስ ዓሣቸው የሚከፍሉት ሁሉ በስፔን ረድፍ ይጻፋል። የማዮርካዋ አስተናጋጅ ግን እቤቷ ምስር ቀቅላ እንደምትበላ አልጠራጠርም።

የሉክሰምበርጉን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአጥቢያችን ምእመናን ጋር በአውቶቡስ ወደዚያ ሄደን ነበር። የሞዜል አካባቢ ወይን ተክል አልፈን ድንበሩን እንደተሻገርን ቫሰርቢሊሽ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቤንዚን ማደያው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል፤ ከተማዋ ነዳጅ ብቻ የምትሸጥ ይመስላል። የቆሙት መኪኖች ታርጋ የጀርመን ነው። ሾፌራችን ነዳጁን ሞላ። ሰው ሲወርድ ውኃ ሊገዛ መስሎኝ ነበር፤ ሲጋራ በካርቶን፣ ቡና በኪሎ ተሸክሞ ተመለሰ። ጀርመን በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር ስላላት ነው። (በጥሬው ላይ ግብሩ የለም። እኔ የምገዛው ጥሬውን ስለሆነ አልወረድኩም፤ መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ሰው ሲጋፋ ሳይ ነበር።) ያ ሁሉ ሲጋራ የተጨሰው ፍራንክፈርት ነው፤ የተጻፈው ግን በሉክሰምበርግ ስም ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አውቶቡስና ባቡሯን ለሰው ሁሉ በነጻ አድርጋለች። ይህ ወጪ ከቤተሰቡ ኪስ ጠፍቶ ወደ መንግሥት በጀት ሄዷል፤ በሰንጠረዡ የተፈለገ እንደሆነ አይገኝም።

እንዲህ ያለው መሰወር ብዙ ነው። ስቶክሆልም ያለችው የወንድሜ ልጅ ሁለት ሕፃናት አሏት። ስዊድን ለሕፃናት መዋያ የሚከፈለውን ወስናለች፤ ለመጀመሪያው ልጅ ከቤተሰቡ ገቢ 3 በመቶ፣ ለሁለተኛው 2 በመቶ፣ እሱም ጣሪያ አለው። ለንደን ያለች ጓደኛዬ ልጇ ትንሽ ሳለች ለመዋያ የምትከፍለው ከቤት ኪራይዋ ይበልጥ ነበር። የስዊድኗ እናት የቀረውን በግብር ከፍላዋለች። የትኛዋ ናት ለልጆቿ ብዙ የምታወጣ?

ታናሽ እህቴ ሮም ከተማ የ91 ዓመት አሮጊት ታስታምማለች። ጽሑፋችሁን በስልክ ሳነብላት «እትዬ፣ እኔ የትኛው ረድፍ ላይ ነኝ?» አለችኝ። «አንቺማ ራስሽ ወጪ ነሽ» አልኳት። እስኪያስላት ሳቀች፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ጣሊያን ውስጥ ሰው ሲያረጅ ቤተሰቡ ሠራተኛ ይቀጥራል። ያለ ሰው ድጋፍ መንቀሳቀስ ለማይችል መንግሥት በወር ከ500 ዩሮ ጥቂት ከፍ ያለ ገንዘብ ይሰጣል፤ የቀረውን ልጆቹ ያሟላሉ፤ በታኅሣሥ አሥራ ሦስተኛ የሚሉት የአንድ ወር ተጨማሪ ደመወዝ አለ። ስለዚህ የእህቴ ደመወዝ «የቤት ውስጥ አገልግሎት» ተብሎ በአሮጊቷ ወጪ ውስጥ ይገባል። እዚህ ጀርመን ግን እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የእንክብካቤ መድን አለ፤ ከእኔም ደመወዝ በየወሩ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ገና እጄ ሳይገባ ስለሆነ ወጪ አይባልም። ጣሊያናዊቱ ለእርጅናዋ በራሷ እጅ ትከፍላለች፤ እኔ ከወዲሁ ሳላየው እየከፈልኩ ነው። በሰንጠረዡ ላይ እሷ አባካኝ እኔ ቆጣቢ እመስላለሁ።

ወደ ምክሩ ልመለስ። ጸሐፊያችሁ የእኛ ቤተሰቦች ለምግብ የሚያወጡትን ይቀንሱ ብለዋል። ደሴ ያለችውን እህቴን ደውዬ የዚህን ወር ወጪዋን ጠየቅኋት። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ ከሰል፣ የልጇ የትራንስፖርት፣ የእድር። ሥጋ የለም። ሽንኩርቱ ላይ ስንደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። ከምታወጣው ከግማሽ በላይ ምግብ ነው። እንግዲህ ከየትኛው ይቀነስ? እኔ ጀርመን መጥቼ የምግብ ድርሻዬ የቀነሰው ትንሽ መብላት ስለተማርኩ አይደለም። እንዲያውም ከመጣሁ 14 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ደመወዜ ስላደገና ኪራዩ ስለበላው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ስታወጡ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማብራሪያ አትቁረጡት። የተገመተ ኪራይ አለበት ወይ፣ የእንግዳ ወጪ አለበት ወይ፣ ይህ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚፈጀው። «ሆዳቸውን የሚወዱ» የሚለው ቃል ደግሞ በእርማት ይነሣ።

ለሮማኒያዋ ባልደረባዬ ጽሑፋችሁን በረፍት ሰዓት ተርጉሜላት ነበር። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ቢላዋዋን አስቀምጣ «ሰውየው ማነው?» አለችኝ። «አላውቀውም» አልኳት። «ለገና ይምጣ በይው፤ አሳማውን እናርዳለን።» የእኛ ሰው አሳማ እንደማይበላ አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያውስ ዛኩስካ አለ፤ የጾም ነው» አለች። ግብዣውን አድርሻለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ፍራንክፈርት፣ ጀርመን